የካዛንቺሷ ደብተር

ደብተሩ አሁንም እኔ ጋ ነው። ጥቁር ሽፋን ያለው ባለ መስመር ደብተር ነው። ጠርዙ ተበልቷል፤ አንዱ ጥግ ላይ የቡና ስኒ ያተመው ክብ አለበት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያናችን የመጀመሪያ አባላት 11 ስም ተጽፏል። ከ11ዱ ሁለቱ ፊርማ የላቸውም፣ የአውራ ጣት አሻራ ነው ያለው። ቀኑ ኅዳር 2001 ዓ.ም.፣ ቦታው ካዛንቺስ ይላል።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ወጣቶች ይደውሉልኛል። «በሰፈራችን ኅብረት ጀምረናል፣ ወደ አጥቢያ ልናሳድገው ነው፣ እስቲ ልምድህን አካፍለን» ይላሉ። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። አዳራሽ ስንት ይከራያል? ኪቦርድ የትኛው ይሻላል? ሞንታርቦ አዲስ ይገዛ ወይስ ያገለገለ? ስለ ደብተር የጠየቀኝ ግን አንድም የለም። እንግዲህ እኔው ልጀምርበት።

ፓስተር አይደለሁም። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ያኔ «ጽሑፉ ያምራል» ተብሎ ጸሐፊ ተደረግኩ፤ ከዚያ ወዲያ የሚተካኝ ጠፋ።

የጀመርነው ከካዛንቺስ ቶታል ጀርባ ባለች አንዲት የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። የቤቱን እመቤት ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ሳሎናቸው ሦስት በአራት ቢሆን ነው። ቅዳሜ ማታ አልጋው ይፈታል። እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፍራሹ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፣ እኛ ዱካና ሣጥን ላይ እንደረደራለን። ስብከቱ ሳያልቅ ቡናው ይቆላል። ወንጌላዊው ጭሱ ሲደርሰው «አሜን» ማለት እንዳለበት ያውቅ ነበር።

ከነበርንበት ቤተ ክርስቲያን ተጣልተን አልወጣንም። ይህን የምለው በከተማችን ብዙ አጥቢያ የሚወለደው በኩርፊያ ስለሆነ ነው። እናት ቤተ ክርስቲያናችን ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ነበረች፤ ሁለት ታክሲ ይጠይቃል። እነ እማማ ጉልበታቸው አልችል አለ። ሽማግሌዎቹ «እዚያው ሰፈራችሁ ጀምሩ» አሉን፣ በወር ሁለት እሑድ ወንጌላዊ ላኩልን። የቀሩትን ሁለት እሑዶች እያነበብን በተራ እንወያያለን። በወረቀት ላይ «የስብከት ጣቢያ» ነበርን።

ይህች የስብከት ጣቢያ የምትባል ነገር ታናሽ ትመስላለች እንጂ ለጀማሪ ብዙ ታወጣለች። ፈቃድ ያላት እናት ቤተ ክርስቲያን ካለቻችሁ የኪራይ ውሉም የባንክ ሂሳቡም በእሷ ደብዳቤ ይሄዳል። ያለዚያ በአንድ ሰው ስም ልትከራዩ፣ በአንድ ሰው ስም ብር ልታስቀምጡ ነው። ያ ሰው ነገ ቢሞትስ? ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ ቢኮርፍስ? አሁን በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመ የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል አለ። አዳራሽ ከማየታችሁ በፊት የእውቅናውን ነገር እዚያ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ስማችን ሰፈሩን ግራ አጋባው። ለካዛንቺስ ሰው ወንጌል አማኝ ሁሉ ጴንጤ ነው፣ አለቀ። «ባፕቲስት» ስንላቸው «ምነው፣ የመጥምቁ ዮሐንስ ማኅበር ናችሁ እንዴ?» ያሉን አዛውንት ነበሩ። ብዙም አልራቁም፤ ቃሉ የመጣው ከማጥመቅ ነው። ልጆቻችን ራሳቸው ልዩነቱን አያውቁትም ነበርና ታሪኩን ማስተማር ነበረብን። እ.ኤ.አ. በ1609 አምስተርዳም ውስጥ ጆን ስሚዝ የሚባል እንግሊዛዊ ስደተኛ ሰባኪ «አባል የሚሆነው አምኖ የተጠመቀ ነው» አለ። የሚያጠምቀው ቢያጣ ጊዜ ራሱን አጠመቀ። ይህን ስነግራቸው ወጣቶቹ ሁሌም ይስቃሉ። ጓደኛው ቶማስ ሄልዊስ ሎንዶን ተመልሶ የእንግሊዝን የመጀመሪያ ባፕቲስት ጉባኤ መሠረተ። ንጉሡ በሰው ነፍስ ላይ ሥልጣን የለውም ብሎ በመጻፉም ታስሮ እዚያው እስር ቤት ሞተ።

ወደ እኛ አገር በ1940ዎቹ፣ በእኛው አቆጣጠር፣ የስዊድን ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ባፕቲስቶች በአምቦና በጊንደበረት በኩል ገቡ። የደቡብ ባፕቲስቶች የሚባሉት ደግሞ ከአብዮቱ ጥቂት ዓመት ቀደም ብለው መንዝ ወጡ። ከ11ዳችን አንዱ የመንዝ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ወንጌል የሰሙት በጎች ሊያክም ከመጣ የከብት ሐኪም ሚሲዮናዊ ነው። «መጀመሪያ የዳኑት በጎቼ ናቸው፣ እኔ ኋላ ነኝ» ይሉናል።

የመጀመሪያው ጥምቀት ታኅሣሥ ላይ ሆነ። ባፕቲስት ውኃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ነው የሚያጠልቀው፤ መርጨት የለም። ገንዳ ግን የለንም። የእናት ቤተ ክርስቲያን ገንዳ እድሳት ላይ ነበር። ወንዝ እንዳንል የቀበና ውኃ እንኳን ሊያነጻ የነጻውን ያሳድፋል። አንድ ወንድም የተሰነጠቀ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ከአንድ ግንባታ ቦታ በርካሽ አመጣ። ወገቡ ላይ በመጋዝ ቆረጥነው። የታችኛው ግማሽ ጤነኛ ነበር፣ 1,000 ሊትር ይይዛል።

ለመሙላት 50 ጀሪካን ያስፈልጋል። የውኃ ፈረቃው ደግሞ አላለፈንም፣ በዚያ ሳምንት ቧንቧው ጭርሱን ደረቀ። ቅዳሜ ከሰዓት ጀምሮ ከጎረቤት፣ ከምግብ ቤት፣ ከዘመድ ቤት ጀሪካን እየተሸከምን አደርን። እማማ በትልቁ ድስት ውኃ እያፈሉ ይጨምሩበታል። ያም ሆኖ ጠዋት እጄን ስከት አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። ሰባት ሰው ነበር የሚጠመቀው። ተጠማቂው እግሩን አጥፎ ይቀመጣል፣ ወንጌላዊው ከውጭ ቆሞ ወደ ኋላ ያስተኛዋል። ስድስቱ በሰላም አለፉ። ሰባተኛው በጣም ረጅም ልጅ ነበር። ጭንቅላቱ ሲገባ ጉልበቱ ይወጣል፣ ጉልበቱ ሲገባ ጭንቅላቱ ይወጣል። በሦስተኛው ሙከራ ገባ። ሮቶው የያዘው ውኃ ግን ግማሹ ወጥቶ በጊቢው በኩል ጎረቤት ቤት ደጃፍ ደረሰ። ጎረቤቲቱ መጥረጊያ ይዘው ወጡ። ልጁ እየተንቀጠቀጠ ይቅርታ ሲጠይቃቸው አይተው «ኧረ ልጁን ጋቢ አልብሱት፣ ሊገድሉት ነው እንዴ!» አሉና የራሳቸውን ጋቢ አመጡ። እኚህ ሴትዮ እስከ ዛሬ አባል አይደሉም። ጥምቀት በተደረገ ቁጥር ግን ጋቢ ይዘው ይመጣሉ።

አሁን ወደ ደብተሩ ልመለስ። እያንዳንዱ ስም የገባው እንዲሁ አይደለም። ሰውዬው እንዴት እንዳመነ በሁላችን ፊት ይናገራል፣ ከዚያ እጅ ይነሣል። አባል ከሆነ በኋላ አንድ ድምፅ አለው። እማማ አንድ፣ ወንጌላዊው አንድ፣ ትናንት የተጠመቀው ረጅሙ ልጅ አንድ። ባፕቲስት ከሚያሰኘን ነገር ይህ ዋናው ይመስለኛል፤ ከላይ የሚወስንልን ጳጳስም ጽሕፈት ቤትም የለም። በወሬ ደረጃ ደስ ይላል። በተግባር ግን ያስለቅሳል። ስለ መጋረጃ ቀለም ሁለት ሰዓት ተኩል ተከራክረናል፤ ቃለ ጉባኤው አለኝ።

የእውነት ድምፅ የሰጠነው በ2002 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ያኔ 23 ደርሰናል። ለኪቦርድ 6,400 ብር አጠራቅመናል፤ ወጣቶቹ ዕቃውን አይተው ዋጋ ተነጋግረው መጥተዋል። አንድ ማክሰኞ ከ11ዱ አንዷ አረፈች። ተከራይ ስለነበረች እድር የላትም። ባሏ የቀን ሠራተኛ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እማማ ሳሎን ተጠራን፣ 19 ሰው ተገኘ።

አንዱ ወጣት ተነሣ። «ያ ገንዘብ ለኪቦርድ ተብሎ ነው የተሰጠው፤ ለቀብሩ ሌላ እናዋጣ» አለ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ በሂሳብ ሥራ ዐይን ካያችሁት ልክም ነው። እኔ ራሴ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። ከዚያ እማማ ከመደቡ ሳይነሡ ተናገሩ። «ኪቦርዱ ሱቅ ውስጥ ነው፣ ይጠብቃል። እሷ አትጠብቅም።» ድምፅ ተሰጠ፤ 14 ለ5። ከአምስቱ አንዱ እኔ ነበርኩ። በራሴ እጅ ነው የጻፍኩት፣ አልሰረዝኩትም።

ሌላ ችግር ነበር። የት ትቀበር? የምናውቀው ሁሉ የደብር ግቢ ነው፣ እዚያ ደግሞ እኛን አይቀብሩንም። የወንጌል አማኞች የሚቀበሩበት ቦታ በከተማው እንዳለ እንሰማለን እንጂ ማንን እንደምንጠይቅ አናውቅም። ሌሊቱን ስልክ ስንደውል አደርን። እባካችሁ ይህን ጉዳይ ሰው ከመሞቱ በፊት ጨርሱት። ማን ጋ ይደወላል፣ ምን ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ክፍያው ስንት ነው የሚለውን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ሦስት ሰው ቤት አስቀምጡ።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። የሰፈሩ እድር ዳኛ ናቸው። ጥብቅ ኦርቶዶክስ፣ ከእኛ ጋር ሰላምታ እንኳ የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። ከኋላቸው ሦስት ጎረምሳ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ተሸክሟል። «ሟቿ የእድራችን አባል አይደለችም» አሉ። «እማማ ግን 30 ዓመት ከፍለዋል። ድንኳኑ የመጣው ለእሳቸው ነው።» ለሦስት ቀን ድንኳኑ ቆመ፤ የሰፈሩ ሴቶች ንፍሮ ቀቀሉ። እኛ እንዘምራለን፣ እነሱ ያለቅሳሉ፣ ማታ አንድ ላይ ቡና እንጠጣለን። በሚቀጥለው ዓመት ደብተሩ ውስጥ ከገቡት አዲስ ስሞች ስድስቱ ያንን ድንኳን የተቀመጡበት ናቸው። አንድም ቀን ወረቀት በትነንላቸው አናውቅም።

ከዚያ በኋላ «የራሳችን የቤተ ክርስቲያን እድር ይኑረን» የሚል ሐሳብ ሁለት ጊዜ ቀርቧል። ሁለቱንም ጊዜ ወደቀ። ሌሎች አጥቢያዎች አላቸው፤ አልነቅፍም። እኛ ግን አባል ሲገባ «የሰፈር እድርህን እንዳትተው» እንለዋለን። ድንኳኑን ያመጣልን ማን እንደሆነ አንረሳም።

ኪቦርዱ የተገዛው ከስምንት ወር በኋላ ነው።

በ2005 ዓ.ም. አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አዳራሽ ተከራየን። ስለ ኪራይ ብዙ አልልም፤ ዋጋው እኔ ስጽፍና እናንተ ስታነቡ ይለያያል። አንድ ነገር ብቻ፦ ውሉ ላይ በየስንት ጊዜው እንደሚጨመር ካልተጻፈ፣ በየስድስት ወሩ ነው የሚጨመረው።

አዳራሽ ሲመጣ ሞንታርቦ ተከትሎ መጣ። ሁለት፣ ደረት የሚያህሉ። ለ50 ሰው! ወጣቶቹ ግን «ትልቅ አዳራሽ ነው» አሉ። አንድ እሑድ በአምልኮው መሀል አንዲት ሴት ነጭ ገዋን እንደለበሰች ገብታ ኋላ ቆመች። አዲስ ሰው መሰለን፤ አስተናጋጁ በፈገግታ ወንበር ሰጣት። አልተቀመጠችም። ሲያልቅ «ነርስ ነኝ፣ ሌሊት ነው የምሠራው። አጠገባችሁ ነው ቤቴ። ከሦስት ወር ወዲህ እሑድ ተኝቼ አላውቅም» አለችን። ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው የድምፅ ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል እንደሆነ ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ልጅ በስልኩ ለካ። ከ90 በላይ! የስልክ መለኪያ ልክ አይደለም ቢባል እንኳ ያን ያህል አይሳሳትም። ሞንታርቦዎቹን ሸጥን። ለ50 ሰው ጉሮሮ ይበቃል።

ያን ሰሞን ሰው መቁጠር ጀመርን። ይህ በሽታ ነው። አንድ «ነቢይ» የሚባል ሰው ለሁለት እሑድ ተጋበዘ። የስልክ ቁጥር በትንቢት የሚናገር፣ በደረቱ ሳይሆን በሆዱ የሚጮህ ዓይነት ነው። አዳራሹ 140 ሰው ያዘ፤ ደረጃው ላይ ቆመው የሰሙም ነበሩ። ወንበር ተከራየን። በሦስተኛው እሑድ ነቢዩ የለም፣ 52 ሆንን። ደብተሩን ገለጥኩት። ከዚያ ሁሉ ሰው የተጨመረ ስም? አንድም የለም። ጋሼ «ጎርፍ እርሻ አያጠጣም የኔ ልጅ፣ አፈሩን ይዞት ነው የሚሄድ» አሉኝ። በ2007 መጨረሻ 64፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 118 ደረስን። በዓመት ስድስት ሰባት ሰው ብትሉ ነው። ለፖስተር የሚሆን ቁጥር አይደለም።

ገንዘብ ላይ አንድ ጊዜ ተሰናክለናል። መባውን ሁለት ሰው ነበር የሚቆጥረው፣ ሁለቱም ጓደኛሞች። አንድ ወር 1,200 ብር ጎደለ። ወንድማችን የቤት ኪራይ ከፍሎበት ነበር። ሊመልስ አስቦ ነበር፣ አልሞላለትም። በጉባኤ ፊት አለቀሰ፣ በአራት ወር ከፈለ፤ ዛሬም አባል ነው። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አልነበረም፣ ብቻውን የተውነው እኛ ነን። ከዚያ ወዲህ ሦስት የማይዛመዱ ሰዎች ይቆጥራሉ፣ ሦስቱም ይፈርማሉ፣ የወሩ ገቢና ወጪ በር ላይ ይለጠፋል። እስከ ሳሙና ዋጋ። «ለሻማ 40 ብር ምንድን ነው?» ብለው የሚጠይቁኝ እማማ ናቸው። ማንበብ አይችሉም፣ የልጅ ልጃቸው ታነብላቸዋለች።

ጋሼ ስለ ደርግ ጊዜ ብዙ ያወሩን ነበር። በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፤ መሪዎቿ ታሰሩ። ሜኖናይት የሚባሉ ሌላ የወንጌል አማኞች ወገን ናቸው እንጂ ባፕቲስት አይደሉም። ሲዘጉ 5,000 ገደማ ነበሩ። በ1983 ሲከፈቱ 34,000 ገደማ። አዳራሽ የለ፣ ሞንታርቦ የለ። በየቤቱ አምስት አምስት እየሆኑ፣ ጫማ ወደ ውስጥ አስገብተው፣ በሹክሹክታ ዘምረው። ያኔ ስንሰማው እንደ ተረት ነበር።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ተነሣች። የተከራየነው ሕንፃም አብሮ ገባ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ የእማማ ሳሎን የነበረበት ቦታ አፈር ሆነ። አብዛኛው አባል ገላን ጉራ ደረሰው፤ ሌሎቹ የካ፣ ለሚ ኩራ፣ ዘመድ ጋ ተበተኑ። አዳራሽ ብቻ ቢኖረን ኖሮ ያኔ ነበር የምናልቀው። ደብተሩን ይዤ ለ118ቱም ደወልኩ፤ አራት ቀን ፈጀብኝ። ከስሙ ጎን አዲስ መስመር አሰመርኩ፣ «አሁን የሚኖሩበት» የሚል። 103ቱን አገኘሁ። በሰፈር ከፋፍለን ሰባት የቤት ኅብረት ሆንን። በወር አንዴ መሀል ከተማ በተውሶ አዳራሽ እንገናኛለን፤ የአባላት ስብሰባም ያኔ ነው። ያጣኋቸውን 15ቱን አሁንም እየፈለግኩ ነው። ስልክ የቀየረ ሰው ማግኘት እንዴት እንደሚያታክት!

እማማ ገላን ጉራ ሁለተኛ ፎቅ ናቸው። ደረጃውን አልወደዱትም፤ «ቡና ስቆላ ጭሱ ወዴት ይሂድ?» ይላሉ። የእሑዱ ኅብረት እሳቸው ቤት ነው። አልጋ መፍታት ግን ቀርቷል፣ ሳሎኑ ሰፊ ነው።

ሮቶውን አንድ አባል በአይሱዙ አምጥቶ ሕንፃው ሥር አስቀምጦታል። የሰፈሩ ልጆች መደበቂያ አድርገውት ነበር፣ አጠብነው። አምስት ሰው ትምህርቱን ጨርሷል፣ አንዱ የእድር ዳኛው የልጅ ልጅ ነው። ጥምቀቱ በሚቀጥለው እሑድ ነው። የውኃ ፈረቃው ሐሙስ ስለሆነ «ጀሪካን ያለው ሐሙስ ይዞ ይምጣ» ብዬ በቴሌግራም ጽፌያለሁ። እስካሁን 31 ተገኝቷል። ጋቢውም ከለሚ ኩራ እየመጣ ነው።